ጳጉሜን ደመወዝ የለውም

ቆጣሪ አንባቢ ነኝ፣ የሞጣን ውሃ በቁጥር የማውቅ፣
የማን ቧንቧ እንደሚያንጠባጥብ፣ የማን ቤት ማድጋ እንደሚደርቅ።
በር አንኳኩቼ፣ ጭቃ ረግጬ፣ መዝግቤ ስመለስ ማታ
ራሴን አነበዋለሁ፦ የእንቁጣጣሽን ስጦታ
መቼ ልግዛ?
ዛሬ፣ በፍልሰታ መባቻ? ጳጉሜን ሲገባ? ወይስ የዋዜማው ለታ?

አሥራ ሁለቱ ወር ከፍሎኝ፣ አሥራ ሦስተኛው ይዘርፈኛል፤
እንደ ሕፃን አምስት ቀን ኖሮ እንደ ጎረምሳ ይበላል።

ነጋዴው ኑርየ ሰሞኑን ሱቁ በር ላይ ያዛጋል፤
የገበሬው እህል ገና ማሳ ላይ ነው፣ ማን ይገዛል?
ቀሚሷን ከመስቀያው አውርዶ፣ «ውሰጅው፣ ዛሬ በስምንት መቶ፤
ጳጉሜን ብትመጭ ታገኝዋለሽ ከሺህ በላይ ወጥቶ።»

የቢሮዋ ጥሩወርቅ ግን በዚህ ሒሳብ ትስቃለች፤
«ዋዜማ ማታ ነው እንጅ!» ትላለች።
«ሸራው ሲጠቀለል፣ ነጋዴው ተጣድፎ ሲጭን፣
ያኔ ነው ዋጋ የሚበርደው፣ የሻሹንም የጫማውንም።»

አምና ሞክሬዋለሁ። መብራት ጠፍቶ፣ በስልክ ብርሃን መርጬ፣
ቤት ስገባ ሁለቱም ጫማ የግራ! አለቀስኩ ተቀምጬ።
አንማው ግን አደረገው፣ ሰፈሩን ዞረ ሲያወራ፤
«እናቴ ናት የገዛችልኝ»፣ ቀኝ እግሩ እየሄደ ወደ ግራ።

ካቻምና ደግሞ በሰኔ ገዝቼ፣ ሣጥን ውስጥ ደብቄ፣
ክረምቱን ሙሉ ከረምኩ በብልሃቴ ኮርቼ፣ ስቄ።
መስከረም ጠብቶ ባወጣው፣ የባንችአምላክ እግር አልፎታል፤
ለካ ክረምት በቆሎን ብቻ ሳይሆን ልጅንም ያስረዝማል።
ያ ጫማ ለታናሿ ወረደ፣ የታናሿ ለጎረቤት ሄደ፤
እሷ በአሮጌው በዓሉን ዋለች፤ ቁጠባዬ እንዲህ ነደደ።

ዘንድሮ ከሁሉም ያስቸገረኝ የአባቴ ጃንጥላ ነው።
ገሳው አርጅቶ ተበጣጥሷል፤ የሚሠራለት ሰው የለው።
ጃንጥላ በነሐሴ ወርቅ ነው፤ ሰማይ ባለቀሰ ቁጥር ይወደዳል፤
መስከረም አጋማሽ ብትጠብቂ፣ ኑርየ ራሱ ይለምንሻል።
ሒሳቤ «ታገሽ» አለኝ፤ ዝናቡ ሲያባራ ይረክሳል።
እሺ አልኩት። ቁጥር ስለምወድ፣ ቁጥር ቶሎ ያሳምነኛል።

ትናንት ማለዳ፣ ቆጣሪ ላነብ በጊዮርጊስ በኩል ሳልፍ፣
አንድ ሽማግሌ አየሁ፣ ከግንቡ ተለጥፎ፣ ዶፉ እስኪያልፍ፤
የማዳበሪያ ከረጢት ራሱ ላይ፣ ጋቢው ከጀርባው ተጣብቆ።
አባቴ ነበር። ሲያየኝ አፍሮ፣ ሣቀ ከረጢቱን ደብቆ።

የሚረክሰው ለካ ጃንጥላ አይደል፤ ቀኑ ነው የሚያልፍበት።
ሮጥኩ ወደ ኑርየ ሱቅ፣ ጭቃዬን ሳላራግፍ ገባሁበት።
«ሰባት መቶ» አለ። «ስድስት ተኩል» አልኩ። ዝም አልን ጥቂት፤
ዶፉ ቆርቆሮውን ቀጠቀጠና ዳኝነቱን ሰጠ፦ ፈረደለት።

አባቴ በሁለት እጁ ተቀበለ፣ አገላብጦ አየ፣ ግን አልዘረጋም፤
«የምን ነው?»
«የእንቁጣጣሽ።»
«እንግዲያው ዛሬ አላረጥበውም፤
ለበዓሉ ባዲስነቱ ይድረስ» አለና መረቀኝ፤
ጃንጥላውን ጉያው ሸጎጠ፣ ከረጢቱን ደፍቶ ዶፉ ውስጥ ገባ፣ ትቶኝ።

ማታ የቀረችኝን ቆጠርኩ፤ ለልጆቹ ገና አልቆረጥኩም።
ባንችአምላክ ተኝታ እግሯን በክር ለካሁ፤ አልቀሰቀስኳትም።
ክሩን ከመበጠሴ በፊት ግን ሁለት ጣት ጨመርኩበት፤
አንዱ ለነሐሴ፣ አንዱ ለጳጉሜን፣
ዝናቡ ለሚያሳድግበት።